ሃያ ሠራተኞች ያሉት ድርጅት

እህቴ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና አንድ የማላውቀውን ሰው «እርስዎ» እያለች በስልክ ስታናግር ነው የነቃሁት። በጠዋት ማን ተከብሮ ነው ብዬ ዓይኔን ሳልገልጥ ጆሮዬን አቀናሁ። ሰው ቤት አይደለም፣ የገዛ ቤቴ ነው፣ ማዳመጥ ነውር የለውም። «አዎ፣ በግራ እጄ ነው የምቆርጠው... አይ፣ የኤሌክትሪክ መቁረጫ ይዤ አላውቅም፣ ግን እለምደዋለሁ... እግዜር ይስጥልኝ... እሺ፣ ዛሬ ከአስራ አንድ ሰዓት በፊት ቁርጡን አሳውቅዎታለሁ።» ከዚያ ስልኩን ዘጋች። አልጋዋ ተንቋቋ፣ ጫማዋን በእግሯ ስትፈልግ ሰማኋት፣ እንደ ሁልጊዜው ውሃ ጣደች። እኔም ገና አሁን እንደነቃ ሰው እያዛጋሁ ተነሳሁና «እንዴት አደርሽ» አልኳት። «ደህና፣ አንቺስ እትዬ» አለችኝ።

የምንኖረው ከኋላ ባለችው ክፍል ነው፣ የምንሠራው ከፊት ባለችው። በመሀላቸው በር የለም፣ ደፍ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ አልጋችን ላይ የጨርቅ ብናኝ አይጠፋም፣ የስፌት መኪናዬም ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። ኋለኛዋን ክፍል መጋረጃ ለሁለት ይከፍላታል፤ ወዲህ እኔና ባሌ፣ ወዲያ እህቴ። ባሏ ከሞተ ጀምሮ እዚያ ናት። የምንሠራው የሥራ ልብስ ነው፤ የዳቦ ጋጋሪ ሽርጥ፣ የመካኒክ ቱታ፣ የነርስ ገዋን፣ የፅዳት ሠራተኛ ኮት። ማንም ሠርግ ለብሶት የሚሄድ ነገር አይደለም። እሷ ትቆርጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ። ይህን ስል ሥራ ተከፋፍለን እንዳይመስላችሁ፣ እኔ መቁረጥ አልችልም። አንዴ እሷ ታማ ተኝታ እኔ ቆርጬ አንድ ደህና መካኒክ አንካሳ አስመስዬዋለሁ፤ የቱታው ግራ እግር ከቀኙ አጥሮ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀረ። እሷ ግራኝ ናት። በልጅነቷ በግራ እጅሽ አትያዢ እየተባለች ስትገረፍ ኖራ፣ አባታችን ሲያረጅ ምን እንደተሰማው እንጃ፣ ለግራ እጅ የተሠራ መቀስ ከየትም ፈልጎ አመጣላት። ያ መቀስ እኔ በቀኜ ስይዘው ጨርቁን ያኝከዋል እንጂ አይቆርጠውም።

የኤሌክትሪክ መቁረጫ ያለው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያሻም። ከድልድዩ ወዲያ ያለው የልብስ ፋብሪካ ነው። እኛ ጨርቁን ብቻ በምንገዛበት ዋጋ እሱ ሽርጡን ሰፍቶ፣ አጥፎ፣ በላስቲክ አሽጎ ይሸጣል። እንዴት እንደሚያዋጣው ፈጣሪና እሱ ያውቃሉ። ክሊኒኩን ወሰደብን፣ ጋራዡን ወሰደብን፣ ትምህርት ቤቱንም ወሰደብን። የቀረችኝ እህቴ ነበረች። እሷ ከሄደች እኔ መርፌና ክር ይዤ ምን ልሰፋ ነው? አየር?

ፋብሪካው ከዚህ ሁሉ ሰው እህቴን ከየት አገኛት ትሉ ይሆናል። አንጀቴን የሚያሳርረኝም ይሄው ነው። ባሌ ነዋ! ባሌ የመጋዘን ጸሐፊ ነበር፣ ጡረታ ወጣ። ጡረታ የወጣ ወንድ እንደ ትርፍ ወንበር ነው፣ የትም ብታስቀምጡት እግር ይገጫል። አንድ ቀን ለአነስተኛ ንግዶች የሚሰጥ ሥልጠና አለ ብሎ ሄደ። ሻይና ብስኩት አብልተው፣ የምስክር ወረቀት ሰጥተው፣ ሌላ ሰው አድርገው መለሱልኝ። «ዘመኑ የትስስር ነው» አለኝ ገና ጫማውን ሳያወልቅ። «ደንበኛ በእግሩ መጥቶ በር የሚያንኳኳበት ጊዜ አልፏል። አሁን ባለሙያ ከባለሙያ የሚገናኘው በዚህ ነው» ብሎ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። ሰው ሥራውንና ማዕረጉን ለጥፎ ከማያውቀው ሰው ጋር የሚተዋወቅበት ገጽ ነው አሉ። እኔን «መሥራችና ዋና ሥራ አስፈጻሚ» አለኝ። ራሱን «የስትራቴጂ ዳይሬክተር» አለ፣ ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ በሙሉ ዳይሬክተሩ ነው የሚለው። እህቴን ደግሞ መቀሷን በግራ እጇ አስይዞ፣ ጠረጴዛው ላይ አስጎንብሶ ፎቶ አነሳትና «ዋና ንድፍ አውጪ» ብሎ የራሷን ገጽ ከፈተላት። የሠራተኛ ብዛት የሚል ቦታ ላይ ሲደርስ ጥቂት አሰበና ሃያ ብሎ ሞላ።

«ሃያ? የት አሉ?» ብዬ ጮህኩበት።

«ጎረቤታችን አጣቢዋ ቁልፍ ስትተክል አልነበር? የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይስ ጣቃ ከመኪና ሲያወርድልን? ባለፈው ዓመት ክር የጎተተውን ሁሉ ቁጠሪው። ሦስት ብለን ብንጽፍ ማን ዞር ብሎ ያየናል?»

ይኸውላችሁ፣ ያን ጊዜ አፌን ሞልቼ አልተከራከርኩትም። ቤቱ ውስጥ ከረጅም ጊዜ በኋላ የሰው ሳቅ ተሰምቶ ስለነበር ዝም አልኩ። ገጹ ከተከፈተ ወዲህ ግን የመጣውን ልንገራችሁ። እንኳን ደስ አላችሁ የሚሉ የማናውቃቸው ሰዎች መጡ። ደንበኛ እናምጣላችሁ ክፈሉን የሚሉ መጡ። ቁልፍ በኮንቴይነር የሚሸጥ መጣ። በአንድ ወር ባለሀብት የሚያደርግ ትምህርት አለኝ የሚል ሰው መጣ፣ ፎቶው ላይ የለበሰው ኮት ትከሻው የተጨማደደ። ሁሉም ሻጭ ነው። እዚያ ገበያ ውስጥ ገዢ የሚባል ፍጥረት የለም። ባሌ ግን ማታ ማታ የትስስሩን ቁጥር እያየ ያድራል፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

አንድ ሰውዬ እስኪጽፍልን ድረስ ማለቴ ነው። የትልቅ ሆቴል የግዢ ኃላፊ ነው፤ ገጹ ላይ ክራቫት አስሮ፣ ከኋላው የሆቴሉ ደረጃ ይታያል። ባሌ ራት ላይ ቆሞ አነበበልን፦ «ድርጅታችሁን በአካል ጎብኝቼ አብረን ስለምንሠራበት ሁኔታ ብንወያይ ደስታዬ ነው።» ሆቴል ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት እንግዲህ። የምግብ አብሳዮች ሽርጥ፣ የአስተናጋጆች ጃኬት፣ የበረኛ ካፖርት፣ የአንሶላና የትራስ ልብስ መዓት። እኔ እንኳ፣ ያ ሁሉ ምላሴ፣ ያን ሌሊት የት የት ክር እንደምገዛ ሳስብ አደርኩ። የሚመጣውም ዛሬ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። እህቴ ቁርጡን የምትነግራቸውም ዛሬ፣ ከአስራ አንድ በፊት ነው። ስለዚህ ሒሳቡ ቀላል ነበር፤ ሰውዬው ካዘዘ ትቀራለች፣ ካላዘዘ ትሄዳለች። ፊቴን እየታጠብኩ ይሄንኑ ነበር የማስበው።

ለምን በቀጥታ አልጠየቅሻትም የሚለኝ ይኖራል። በምን አፌ? ባሏን የቀበርን ሰሞን «ነይ ከእኔ ጋር ቁረጪ፣ ያለንን አብረን እንበላለን» አልኳት፣ መጣች። ከዚያ ወዲህ ያለንን አብረን በልተናል፣ ሳይኖረንም አብረን ጦም አድረናል። ደመወዝ የሚባል ቃል በመካከላችን ተነስቶ አያውቅም። ጫማ ሲያልቅባት እኔ እገዛለሁ፣ ስትታመም እኔ አስታምማለሁ። ፋብሪካው በወር ቁርጥ ያለ ብር ይሰጣታል፣ ስታረጅ ጡረታ ይሰጣታል። እኔ ምን ይዤ ነው አትሂጂ የምላት? ሆድ ይፍጀው ብዬ ሻዬን ጠጣሁ። እሷም ትይዩዬ ተቀምጣ ዳቦዋን ቆርሳ ቆርሳ ሳትበላው ተነሳች።

ጠዋቱ ሁሉ ሽር ጉድ ሆነ። ባሌ ለቀብር ብቻ የሚያስረውን ክራቫት አስሮ ከጎረቤት ሁለት የስፌት መኪና ተሸክሞ አመጣ፤ አንደኛው መርፌ የለውም፣ ሁለተኛው ከቆመ ቆይቷል። «ድምፅ ባይሰጥም መልክ ይሰጣል» አለ። በአንደኛው ላይ አጣቢዋን አስቀመጠ፣ በሁለተኛው ላይ ፀጉር አስተካካዩን። አጣቢዋ ከልጅነት ጀምራ የምታውቀኝ ጎረቤቴ ናት፣ አፏን ብትዘጋው የሚያማት ሴት። «ዳይሬክተር፣ ምሳ በድርጅቱ ነው አይደል?» አለችው። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ጨርቁን በመርፌው ቦታ ስር አስገብቶ፣ ሥራ ለምዶበት፣ በላዩ ላይ ያለውን ብናኝ በብሩሽ ይጠርጋል። ሳቅሁ። አሁን ሳስበው መሳቄ ይገርመኛል፣ ግን ሳቅሁ፣ እህቴም ሳቀች። ከዚያ ዓይናችን ተጋጨና ሁለታችንም ወደየሥራችን ዞርን።

አራት ሰዓት ገደማ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ መጣች። የተቀደደ ሽርጥ በእጇ ይዛለች፤ እኔ የሰፋሁት ነው፣ ኪሱን አውቀዋለሁ። እንደዚሁ ያለ አራት ሠርታችሁ ስጡኝ ልትል ነበር። ባሌ ገና ደፉን ሳትረግጥ እጁን ዘርግቶ አቆማት። «እመቤቴ ይቅርታ፣ ዛሬ ጉብኝት አለብን፣ ነገ ብትመጪ።»

«ምን ጉብኝት?» ብላ ወደ ውስጥ አጮለቀች። ፀጉር አስተካካዩን አየችው። እሱም ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት። «ነገማ ፋብሪካው ሱቅ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አለ እኮ፣ እናንተን ልጥቀም ብዬ ነው» አለችና ሽርጧን አጣጥፋ ሄደች። ተጣርቼ ልመልሳት እችል ነበር። ሆቴሉ እያለ የአራት ሽርጥ ነገር ምኔ ነው ብዬ ቀረሁ። እህቴ ግን መቀሷን አስቀምጣ ሴትዮዋ ከጥጉ እስክትታጠፍ ድረስ በበሩ አየቻት።

እሷ ስትቆርጥ ነው ጠዋቱን ያሳለፈችው። ለነገሩ ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያው ነበረች። በእጃችን ያለው ትዕዛዝ ጥቂት ነው፣ እሷ ግን ጣቃውን እየዘረጋች፣ በካርቶኑ ቅርጽ ዙሪያ በጠመኔ እያሰመረች፣ ደራርባ እየቆረጠች፣ በቁራጭ ጨርቅ እየጠቀለለች መደርደሪያው ላይ ትከምራለች። የታችኛው ሞልቶ ወደ ላይኛው ወጥታለች። ለሆቴሉ ሥራ እጇን እያፍታታች ይሆናል ብዬ ደስ ብሎኛል እንጂ አልጠየቅኋትም። መቀሱ ጨርቁ ውስጥ ሲሄድ የሚሰጠው ድምፅ አለ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው። ያ ድምፅ ካለ ቤቱ ደህና ነው።

እንግዳው በሰዓቱ መጣ። ከፎቶው የከሳ ነው። ጫማው ያበራል፣ ከታች ግን ሶሉ አንድ ወገን በልቶታል፤ ጫማ ሰፊ ባልሆንም እንደዚህ ያለ ነገር አያመልጠኝም። ጥቁር ቦርሳ ደረቱ ላይ አቅፎ በሩ ላይ ቆመና «ዋና ሥራ አስፈጻሚዋ እርስዎ ነዎት?» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ አፈር ስሆን።

ባሌ ጉብኝቱን ጀመረ። ክፍሏ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ቢዘረጋ ግድግዳ ለግድግዳ ይደርሳል፣ እሱ ግን አገር እንደሚያስጎበኝ ሰው «ይህ የመቁረጫ ክፍላችን ነው» አለ ጠረጴዛውን እያሳየ። «እዚህ የስፌት ክፍል። እዚያ ጥራት ቁጥጥር» ሲል አጣቢዋ የያዘችውን ቁልፍ ወደ ብርሃን አንስታ በአንድ ዓይኗ አየችው። እንግዳው ራሱን ነቀነቀ። «የቀሩት ሠራተኞችስ?» አለ። «በፈረቃ ናቸው» አለ ባሌ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ። ሠላሳ ዓመት ሐቀኛ የመጋዘን ጸሐፊ የነበረ ሰው ነው ይሄ፣ አንድ ሚስማር ያልጎደለበት። ምን አገኘው?

እንግዳው ወደ እህቴ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እዚህ ብዙ ጊዜ ሠርተዋል?» አላት። ብዙ ነው አለችው። «ሠራተኛ አያያዛቸው እንዴት ነው? ደመወዝ በወቅቱ ይከፍላሉ?»

የፀጉር አስተካካዩ ብሩሽ እንኳ ቆመ። እኔ ዓይኔን ክሩ ላይ ተክዬ፣ መሬቱ አፉን ከፍቶ ቢውጠኝ ብዬ ጠበቅሁ። እህቴ ጠመኔዋን በጣቶቿ መካከል ስታገላብጥ ቆየችና «እህቴ ናት» አለችው። ባሌ በጆሮዬ «የሠራተኛ አያያዝ እያጣራ እኮ ነው፣ ትልልቆቹ እንዲህ ናቸው፣ ጥሩ ምልክት ነው» ብሎ ሹክ አለኝ። እኔ ግን እነዚያ ሁለት ቃላት ምስጋና ይሁኑ ክስ አላወቅሁም፣ እስካሁንም አላወቅሁም።

«የሰው ኃይል አስተዳደራችሁስ የት ነው?» አለ እንግዳው። ባሌ በሌላ ቅርንጫፍ ነው አለ። እንግዳው ተቀመጠ፣ ቦርሳውን ከፈተ። ባሌ ብድግ ብሎ እስክሪብቶውን አወጣ። ወረቀቱን ሰውዬው በሁለት እጁ ለእኔ ሰጠኝ፣ እኔ መነጽሬን ስላላደረግሁ ለባሌ አቀበልኩት። ባሌ ጉሮሮውን ጠርጎ ማንበብ ጀመረ። «የትውልድ ዘመን... የትምህርት ደረጃ... የጋብቻ ሁኔታ፣ ያገባ፣ የሁለት ልጆች አባት...»

«ውል ላይ የጋብቻ ሁኔታ ምን ይሠራል?» አልኩት።

ባሌ ወረቀቱን ዝቅ አድርጎ ሰውዬውን አየው። ሰውዬው ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ትምህርት ቤት እንደሚመዘገብ ልጅ ይጠብቃል። ቀድማ የገባት አጣቢዋ ናት። መጀመሪያ አፏን በሽርጧ አፈነችው፣ ከዚያ አልቻለችም፣ ሳቋ ፈነዳ። «ሥራ ፈልጎ ነው! ወይኔ ልጄ! እኛ ዘንድ ሥራ ፈልጎ ነው የመጣው!»

«ገጽዎ ላይ የሆቴል የግዢ ኃላፊ ይላል እኮ!» አለ ባሌ። እስክሪብቶው እጁ ላይ ነበር።

«ነበርኩ። ሠራተኛ ሲቀንሱ ቀነሱኝ። የነበረ ብዬ ስጽፍ ማንም መልስ አይሰጠኝም።» ሰውዬው ፊቱ እየቀላ ዙሪያውን አየ፤ መርፌ የሌለውን መኪና፣ ፀጉር አስተካካዩን ከነብሩሹ። «የእናንተስ ሃያ ሠራተኛ ይላል እኮ። ሃያ ሠራተኛ ያለው ድርጅት አንድ ሰው መጨመር አያቅተውም ብዬ ነው። ባለቤቴ ዛሬ ቃለ መጠይቅ ነው ስላት በሌሊት ተነስታ ሸሚዜን ተኮሰችልኝ።»

ልሰድበው ነበር። እውነቴን ነው፣ ስድቡ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፣ ቀኔን በላኸው፣ የዳቦ ቤቷን ሴት አስባረርከኝ ልለው። ግን ምን ብዬ? ውሸታም ብዬ? እኛስ? ከዚያ ኮቱ ላይ ያለችው ቁልፍ በአንዲት ክር ተንጠልጥላ አየኋት። እንዲህ ሆኖ ወደ ሌላ በር ሄዶ ሊያንኳኳ ነው። «ኮትዎን ያውልቁ» አልኩት። «ግድ የለም» አለ። «አውልቅ ብዬሃለሁ!» አልኩት፣ አንቱታውም ጠፋኝ። አወለቀ። ሸሚዙ እውነትም ጥሩ ተተኩሷል።

እኔ ቁልፉን ስተክል ባሌ አጠገቡ ቁጭ አለና፣ ሌላ የሚለው ቢያጣ መሰለኝ፣ «ስንት ትስስር አለዎት?» አለው።

«ከሁለት ሺህ በላይ።»

«ሁለት ሺህ ሰው!» አለች አጣቢዋ፣ እንባዋን እየጠረገች። «አንዱ ምሳ ጋብዞሃል?» ሰውዬው ፈገግ ለማለት ሞከረ። ያን ጊዜ ሳቋ ጠፋ፣ ተነስታ ከራሷ ቤት ሻይና ዳቦ ይዛለት መጣች። እሱም አልግደረደርም ብሎ በላ።

«ከድልድዩ ወዲያ ያለው ፋብሪካ ሰው እየቀጠረ ነው» አለች እህቴ። ለሰውዬው ነው የምትናገረው፣ ፊቷ ግን ወደ ጠረጴዛው ነው። «ለመጋዘንም ለግዢም ይፈልጋሉ አሉ። ዛሬ ቢደርሱ ጥሩ ነው።»

እጄን ሳላቆም «ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ደውለውልኝ ነበር።»

«መቼ?»

«ጠዋት።»

ክሩን በጥርሴ በጠስኩት። አሁን ነበር ጊዜው። ሰው ቢኖርም፣ አጣቢዋ ብትሰማም፣ አሁን አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ወይ እሷ ታለቅስ ነበር ወይ እኔ፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ይሆን ነበር። ኮቱን አራገፍኩና ለሰውዬው አለበስኩት። ስንት ነው አለኝ፣ ሂድ አልኩት። እህቴ ሻርፗን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ «መንገዱን ላሳያቸው» አለች። ባሌ ምንም ስላልገባው «ደግ ታደርጊያለሽ» አላት። መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ትታ ስትወጣ ሳይ፣ መቀሷን ትታማ የት ትደርሳለች ብዬ ተጽናናሁ። የኤሌክትሪክ መቁረጫው የማንንም መቀስ እንደማይፈልግ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው።

ፀጉር አስተካካዩና ባሌ መኪኖቹን ወደየባለቤታቸው ሲመልሱ ክፍሏ ባዶ ሆነች። ሥራ ከምፈታ ብዬ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ጥቅልል አወረድኩና ፈታሁት። ሽርጥ ነው፣ የዳቦ ጋጋሪ። አካሉ፣ ኪሱ፣ ማሰሪያው፣ ሁሉም ተሟልቷል። ልሰፋው ስል የጠመኔ ምልክት አየሁ። እህቴ ለእኔ ስትቆርጥ የስፌት ምልክት አታደርግም፤ ስሳሳት ከጠረጴዛው ማዶ «በሱ አይደለም እትዬ» ትለኛለች፣ እሱ ነው ምልክታችን። ይሄኛው ላይ ግን ስፌቱ የሚጀምርበት ቦታ ላይ መስቀል አለ፣ ኪሱ የሚያርፍበት ላይ መስመር አለ፣ ማሰሪያው የሚዞርበት ላይ ቀስት አለ። ሌላውን ፈታሁ፣ እንደዚያው ነው። ገዋኑም፣ ቱታውም፣ የፅዳቱ ኮትም፣ በየልኩ፣ ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ። ከታችኛው መደርደሪያ እስከ ላይኛው፣ ጎኑ ሆኖ የሚነግረው ለሌለው ሰው የተቆረጠ ነው። ለስንት ወር እንደሚበቃኝ አስባ ይሆናል። ጨርቁን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፣ ምን እደብቃችኋለሁ። የጠመኔው ብናኝ ጉንጬ ላይ ቀረ።

ሲመሽ ዳቦ ገዝታ መጣች። «ሰውዬው ደረሰ?» አለ ባሌ። «ወረቀቱን ተቀበሉት፣ እንደውልልሃለን አሉት» አለች። የእሷን እሱ አልጠየቀም፣ እሷም አልተናገረችም። ዓይኔን አየችው፣ ከዚያ መደርደሪያው ላይ የተፈቱትን ጥቅልሎች አየች፣ ጎንበስ ብላ ደፉን አልፋ ከመጋረጃዋ ወዲያ ገባች። እኔ ራት አቀረብኩ፣ አልራበኝም አለች።

ባሌ እንደ ልማዱ ስልኩን ይዞ ጥጉ ላይ ተቀምጧል። ገጹን ሊዘጋው ነው ብዬ ነበር። ድንገት «አንቺ» አለኝ፣ በሹክሹክታ። ስልኩን አዞረልኝ። ፎቶዋ ነው። እዚችው ክፍል ውስጥ፣ እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብላ፣ መቀሷን በግራ እጇ ይዛ። ከሥሩ በእኛ ድርጅት ምትክ የፋብሪካው ስም አለ፣ ከሱ ሥር ስልኩ ራሱ የሚጽፈው ጽሑፍ፦ «የሚያውቁት ሰው አዲስ ሥራ ጀምሯል። እንኳን ደስ አለዎት ይበሉ።» ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እውነት ነው። እህቴ ከእኔ አንድ መጋረጃ ርቃ ተቀምጣ የሚያውቁት ሰው ሆነችብኝ። ለካ ገጹ ይሠራል፣ እኔ ነኝ አይረባም ያልኩት። ገዢ ነበረበት፤ የገዛው ግን ሽርጤን አይደለም።

«እኔ ነኝ የከፈትኩላት» አለ ባሌ። ክራቫቱን እስካሁን አላወለቀውም። «እኔ ነኝ ፎቶውን ያነሳሁት።»

ብዙ የምለው ነበረኝ፣ ፊቱን ሳየው ተውኩት። ስልኩን ተቀበልኩትና «እንኳን ደስ አለዎት» የሚለውን የተዘጋጀ ቃል ነካሁት። ከመጋረጃው ወዲያ ስልኳ ጮኸ። አልጋዋ ተንቋቋ። ስታነበው ሰማኋት ማለት አልችልም፣ ንባብ ድምፅ የለውም፣ ግን ትንፋሿ ቆመ። ቆይቶ እጄ ላይ ያለው ስልክ መለሰ፤ አንዲት አውራ ጣት፣ ወደ ላይ የቆመች።

ባሌ አገጩን እያሸ ቆየና «የሠራተኛውን ብዛት... አስራ ዘጠኝ ልበለው እንዴ?» አለኝ።

«ተወው» አልኩት። «እንዳለ ተወው።»

ተነስቼ ወደ ፊተኛዋ ክፍል ሄድኩ፣ መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ፣ የመጀመሪያውን ሽርጥ አነሳሁ። መስቀሉ ያለበትን ፈልጌ አገኘሁት። ኪሱ ጋ ስደርስ እጄ ተሳሳተ መሰለኝ፣ ቆም ብዬ ከጠረጴዛው ማዶ የሚመጣውን ድምፅ ጠበቅሁ።